ለትንሽ ስፒከር ትንሽ ሥራ ይሰጠው



በዚህ መጽሔት ላይ ሌሎች ጓደኞቼ ስለ ትጋት፥ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ ወላጅ ፍቅር ጽፈዋል። እኔ የምጽፈው ግን በአዳራሻችን ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀሉት አምስት ትንንሽ ስፒከሮች ነው። ነገሩ ለመጽሔት የማይበቃ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከወልቂጤ ከመበተናችን በፊት ለትምህርት ቤታችን መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ያዋጣነው ገንዘብ አለ። አብዛኞቹ ጓደኞቼ በዚህ ገንዘብ አንድ ትልቅ ስፒከር ይገዛ ይላሉ። እኔ ደግሞ አይገዛ እላለሁ። ይህን በክፍል ስብሰባ ላይ ስናገር ብዙዎች ስለ ሣቁብኝ፥ ምክንያቴን በጽሑፍ ማስረዳት ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

አስቀድሜ የስፒከሮቹን ታሪክ ልናገር። ከዓመታት በፊት በዚህ ትምህርት ቤት የተማረ አንድ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ከነገደ በኋላ፥ ለመስቀል አገሩ ሲመጣ አንድ ሆም ቲያትር ይዞ መጥቶ ለትምህርት ቤታችን አበረከተ። ዕቃው አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና፥ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ አንድ ሣጥን፥ ማለት ሰብዉፈር፥ ነበረው። ትንንሾቹን ሳተላይት ይሏቸዋል፤ አድማጩን ከብበው ይቀመጣሉና ስሙ አይከፋባቸውም። ፊልም ሲታይ ዝናቡ ከኋላ፥ ንግግሩ ከፊት የሚሰማ ይመስል ነበር ብለው በጊዜው የነበሩ መምህራን ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ግን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የዕቃው አምፕሊፋየር ተቃጠለ። ስፒከሮቹ ደኅና ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሌላ አምፕሊፋየር ተገዛና፥ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ትንንሾቹን ስፒከሮች በቀጥታ ቀጠለባቸው። ሰብዉፈሩ የሚገባበት ስላልተገኘለት ወደ ዕቃ ቤት ተወሰደ።

አምና በወላጆች ቀን ንግግር እንዳደርግ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ንግግሩን ሦስት ሳምንት አጥንቼው ነበር። እናቴ ቆጮና ቅቤ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ቀኑ የገበያ ቀን ቢሆንም ዕቃዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ መጣች፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ ጀመርሁ። ከስፒከሮቹ የወጣው ግን የእኔ ድምፅ ሳይሆን በቆርቆሮ ክዳን ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያለ ነገር ነበር። አፌን ከማይክሮፎኑ ባራቅሁ ጊዜ ድምፁ ይጠፋል፤ ባስጠጋሁ ጊዜ ይንቋቋል። ማታ ቤት ስንገባ እናቴን «እንዴት ነበር?» አልኋት። «ልጄ፥ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨብሁ፤ ምን እንዳልህ ግን አልሰማሁም» አለችኝ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ለጭፈራው ሙዚቃ ሲከፈት፥ ቤዝ የሚለው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዞረና ሁለቱ ስፒከሮች ተቃጠሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤታችን «ትንንሽ ስፒከር ምን ይረባል» የሚለው ቃል እንደ ሕግ ተቈጠረ። እኔ ግን በነገሩ አልተስማማሁም። «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው የአባቶች ተረት ለእነዚህ ስፒከሮች የተነገረ ይመስለኛል፤ በአንድ ቀን አያያዛቸውም ተቀደዱበት፥ ንግግራቸውም ተፈረደበት። የተቃጠሉት ትንሽ በመሆናቸው አይደለም። የእነርሱ ያልሆነ ሥራ ስለ ተሰጣቸው ነው።

ሙያውን ጥቂት የቀመስሁት ቡታጅራ በሚገኘው የአጎቴ የጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። ክረምት ክረምት እየሄድሁ፥ መጀመሪያ አቧራ በመጥረግ፥ ኋላም ብየዳ በመያዝ አገለግላቸዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት አይደለም።

ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ መሆኑን በፊዚክስ ክፍል ተምረናል። ከበሮ ሲመታ አየሩ በዝግታ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ወፍራም እንላለን። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረቱ በ100 ሄርዝ አካባቢ ነው። «ሰ» እና «ሸ» እና «ፈ» የሚባሉትን ፊደላት ከሌሎቹ የምንለይባቸው ቀጫጭን ድምፆች ግን በብዙ ሺህ ሄርዝ ላይ ይገኛሉ። አንድን ንግግር ለመረዳት የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በመካከለኛውና በቀጭኑ በኩል ያለው ነው። ለዚህም ጥሩ ምስክር የሚሆነን የቤት ስልክ ነው፤ የተለመደው ስልክ ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ድረስ ያለውን ብቻ እያሳለፈ ሰው ከሰው ጋር ዘመናት ተነጋግሮበታል፤ የሞት መርዶም፥ የልደት የምሥራችም ተነግሮበታል።

አሁን ወደ ትንሹ ስፒከር እንመለስ። የእኛ ሳተላይቶች ወረቀታቸው 3 ኢንች፥ ማለት ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው። ይህ ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ አየሩን ይገፋል። አንድን ድምፅ በዚያው ከፍታ ለማሰማት፥ ሄርዙ በግማሽ በቀነሰ ቍጥር የወረቀቱ እንቅስቃሴ በአራት እጥፍ መጨመር አለበት። እስኪ ቍጥሩን እንመልከት። በ200 ሄርዝ ላይ ወረቀቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ፥ በ100 ሄርዝ ላይ 2 ሚሊ ሜትር፥ በ50 ሄርዝ ላይ ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ባለ 3 ኢንች ወረቀት 8 ሚሊ ሜትር የሚሄድበት ስፍራ የለውም። ስለዚህ ከኋላ ያለው ቀጭን የመዳብ ጥቅል ከማግኔቱ ክፍተት ይወጣል፥ ይጋጫል፥ ይግላል፥ በመጨረሻም ይቃጠላል። በዚያው ጊዜ ይኸው አንድ ወረቀት የእኔንም ንግግር መሸከም ስለ ነበረበት፥ ንግግሬ በከበሮው ጀርባ ላይ ተጭኖ ሲንገጫገጭ እናቴ ዘንድ ደረሰ።

ሙዚቃ ባይከፈት እንኳ ችግሩ አይቀርም። «ጳጉሜን» ወይም «ፖስታ» ብለን በማይክሮፎን ፊት ስንናገር ከከንፈራችን የሚወጣው ትንፋሽ ራሱ ትልቅ የወፍራም ድምፅ ግፊት አለው። የመብራት ኃይላችንም በ50 ሄርዝ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ሽቦው በደንብ ካልታሠረ በ50ና በ100 ሄርዝ ላይ ጕምጕምታ ይገባል። ይህ ሁሉ ለትንሹ ወረቀት ትርፍ ሸክም ነው።

ታዲያ ሆም ቲያትሩ አዲስ ሳለ እነዚሁ ስፒከሮች እንዴት ደኅና ይሠሩ ነበር? ምክንያቱም በተቃጠለው አምፕሊፋየር ሆድ ውስጥ በረኛ ስለ ነበረ ነው። ይህ በረኛ ክሮስኦቨር ይባላል። ወፍራሙን ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ፥ የቀረውን ወደ ሳተላይቶቹ ይልካል። እናቶቻችን እንሰት ፍቀው ሲጨምቁ ውኃው ወደ ጉድጓዱ ይወርድና ሲረጋ ቡላው ከሥር ይቀራል፤ ከአንድ እንሰት ቆጮውም ቡላውም ይወጣል፥ ለየራሱም ምግብ ይሆናል። ክሮስኦቨርም ከአንድ ዘፈን ሁለት ነገር ለይቶ ለየባለቤቱ ይሰጣል። አዲሱ አምፕሊፋየር ሲገዛ ስፒከሮቹ ወደ አዲስ ቤት ገቡ፤ በረኛው ግን በአሮጌው ቤት ተቃጥሎ ቀረ። ይህን ማንም ልብ አላለም።

ልብ ካልሁት በኋላ እኔም ብሆን በቶሎ አልተሳካልኝም። ስሕተቴን መደበቅ አያስፈልግም። ካፓሲተር ወፍራሙን ድምፅ እንደሚከለክልና ቀጭኑን እንደሚያሳልፍ ሁላችንም እናውቃለን። በሳተላይቱ ጀርባ ላይ 3 ኦም ተብሎ ተጽፎአል። በ200 ሄርዝ ላይ ለመለየት፥ አንድን በሁለት ፓይ፥ በሄርዙና በኦሙ ብዜት ስናካፍል 265 ማይክሮ ፋራድ እናገኛለን። ይህን የሚያህል ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሌለው ካፓሲተር በወልቂጤ ሱቆች ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ አጎቴ ባሳዩኝ ዘዴ ሁለት ባለ 470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተሮችን ኔጌቲቫቸውን ፊት ለፊት አጋጥሜ በየድኋቸው፤ እንዲህ ሲሆን አንድ ባለ 235 ይሆናሉ። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሩ በሚሄደው ሽቦ ላይ አስገባኋቸው። መንገጫገጩ ቀነሰ፤ ድምፁ ግን በርሜል ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ሆነ።

ለምን? የፊዚክስ መምህራችንን ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም፤ «ለካው» አሉኝ። በስልኬ የተለያየ ሄርዝ ያለው ድምፅ እያወጣሁ፥ ከስፒከሩ ጋር ሬዚስተር ቀጥዬ በመልቲሜትር ለካሁት። (ርካሽ መልቲሜትር ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን በትክክል የሚለካው እስከ 400 ሄርዝ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ ይህን የሚሞክር ጓደኛ ከዚያ በላይ ያገኘውን ቍጥር አይመን።) ባለ 3 ኦም የተባለው ስፒከር በ170 ሄርዝ አካባቢ 14 ኦም ሆኖ ተገኘ! ስፒከር እንደ ሬዚስተር አንድ ቍጥር ይዞ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ወረቀቱና በሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር በተፈጥሮአቸው መወዛወዝ የሚወዱበት አንድ ስፍራ አለ፤ እዚያ ላይ ኦሙ ወደ ላይ ይዘላል። የእኔ ካፓሲተር በ170 ሄርዝ ላይ የሚያሳየው ተቃውሞ 4 ኦም ያህል ነው። በ14 ኦም ፊት 4 ኦም ምን ያግዳል? በረኛው መከልከል በነበረበት ሰዓት ተኝቶ ነበር ማለት ነው። በየመንደሩ በአንድ ካፓሲተር «ተስተካከለ» የሚባለው ስፒከር ሁሉ የማይስተካከለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ያገኘሁት መንገድ ከሁሉ የረከሰውና የተሻለው ነው። በረኛውን ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ማቆም ትቼ ከአምፕሊፋየሩ በፊት አቆምሁት። ኤሌክትሪኩ ገና ደካማ በሆነበት በዚያ ቦታ የስፒከሩ ጠባይ አይደርስበትም። የአምፕሊፋየራችን መግቢያ በመመሪያው ላይ እንደ ተጻፈው 10 ኪሎ ኦም ነው። ከፊቱ 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሲገባ ልዩነቱ በ159 ሄርዝ ላይ ይሆናል። ቀድሞ 265 የሚያስፈልገው አሁን በ0.1 ሆነ፤ የጤፍ ፍሬ ከማሽላ ራስ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። አንድ ካፓሲተር ሄርዙ በግማሽ ሲቀንስ ቮልቱን በግማሽ ብቻ ስለሚቀንስ፥ ከእርሱ ቀድሞ ሌላ 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተርና 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመርሁ። የዚህኛውም ልዩነት እዚያው 159 ሄርዝ ላይ ነው። ሁለቱ በተከታታይ ሲሠሩ፥ በዚያ ሄርዝ ላይ ቮልቱ በግማሽ ይቀንስና ከዚያ በታች በአንድ ግማሽ ፈንታ በሩብ እየወረደ ይሄዳል።

እኔ በጥረቴ ያገኘሁት መስሎኝ ኮርቼ ነበር። በኋላ ሳነብ ግን ሁለት እኵል ማጣሪያዎችን በተከታታይ ማኖርን ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝና ረስ ራይሊ የተባሉ፥ በሂውሌት ፓካርድ ይሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች እንዳሳወቁትና፥ የሊንክዊትዝ ጽሑፍ በ1976 እ.ኤ.አ. እንደ ታተመ ተረዳሁ። የእነርሱ ከሁሉ የታወቀው ከእኔ እጥፍ የሆነ፥ አራት ደረጃ ያለው ነው። ያም ሆኖ ስማቸው በያዘው መንገድ ላይ በመገኘቴ አላፈርሁም።

ሰብዉፈሩንም ከዕቃ ቤት አወጣሁት። አምፕሊፋየራችን ግራና ቀኝ የሚባሉ ሁለት በኩሎች አሉት። ንግግር ግራና ቀኝ አያስፈልገውምና፥ ግራውን ለሳተላይቶቹ፥ ቀኙን ለሰብዉፈሩ ሰጠሁት። ሦስቱን ደኅና ሳተላይቶች በተከታታይ ስቀጥላቸው 9 ኦም ስለሚሆኑ አምፕሊፋየሩ አይጨነቅም። በሰብዉፈሩ በኩል ሬዚስተሩና ካፓሲተሩ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቍጥራቸው ሌላ ቢሆንም አሠራሩ አንድ ነው። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። በዚህ ዓይነቱ ክሮስኦቨር የሁለቱ ድምፅ በመለያው ሄርዝ ላይ ተቃራኒ ስለሚሆን፥ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ድምፁ እንዳይጠፋ የአንደኛውን ሽቦ መገልበጥ ያስፈልጋል። ይህ በወረቀት ላይ ነው፤ በተግባር የሳተላይቱ የራሱ ጠባይም ስለሚጨመር፥ በሁለቱም መንገድ ቀጥዬ የወንድ ድምፅ ሞልቶ የተሰማበትን መረጥሁ። ለዚህ ሁሉ የገዛሁት ካፓሲተርና ሬዚስተር በአንድ ላይ የአንድ ክትፎ ዋጋ አላወጣም።

አሁን የሚቃወሙኝን ጓደኞቼን አሳብ ሳልመለከት ባልፍ አግባብ አይሆንም።

አንዳንዶቹ «ታዋቂ መሥሪያዎች በ80 ሄርዝ ይለያሉ፤ አንተ በ159 ያደረግኸው ከየት አምጥተህ ነው?» ብለውኛል። እውነት ነው። በጆርጅ ሉካስ የፊልም ድርጅት ውስጥ በቶምሊንሰን ሆልማን አሳቢነት በ1983 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቲ.ኤች.ኤክስ. የተባለው የድምፅ ደረጃ ለቤት ዕቃ የመረጠው 80 ሄርዝን ነው። የ80 ሄርዝ ሞገድ ከ4 ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው፥ ጆሮ ከየት እንደ መጣ ለመለየት ይቸገራል፤ ስለዚህ ሰብዉፈሩ በየትኛውም ጥግ ቢቀመጥ አያስታውቅም። ነገር ግን ያ ደረጃ የወጣው ከእኛ ለሚበልጡ ሳተላይቶች ነው። ባለ 3 ኢንች ወረቀት 80 ሄርዝን ሊሸከም አይችልም። እኔ በ159 ሄርዝ ስለይ አንድ ዕዳ እንደምገባ አውቃለሁ፤ ይኸውም የወንድ ድምፅ መሠረቱ ወደ ሰብዉፈሩ ስለሚሄድ፥ ሣጥኑ በአዳራሹ ጥግ ቢቀመጥ ተናጋሪው ከመድረክ፥ ደረቱ ከጥግ የሚናገር ይመስላል። መጀመሪያ ቀን እንዲሁ ሆኖብኝ የቋንቋ መምህራችን ዞር ብለው ጥጉን ተመለከቱ። ሣጥኑን ከመድረኩ ጠረጴዛ ሥር ሳደርገው ግን ነገሩ ቀረ።

ሌሎች ደግሞ በየሳተላይቱ ላይ ቱዊተር ይጨመር ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ የማልስማማበትም ምክንያት ቡታጅራ ነው። ካቻምና በክረምት አንድ ደንበኛ ትንንሽ ሣጥኖች አሠርቶ ወደ አጎቴ ሱቅ አመጣ። አጎቴም «በል እንግዲህ፥ የተማርኸውን አሳየኝ» ብለው ክሮስኦቨሩን ለእኔ ተዉልኝ። በ3000 ሄርዝ ላይ ለ8 ኦም አስልቼ፥ 6.6 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ለቱዊተሩ፥ 0.42 ሚሊ ሄንሪ ኮይል ለሌላው አዘጋጀሁ። ኮይሉን በባትሪ ድንጋይ ላይ ስጠቀልል ጣቴ ላጠ። ሥራው ካለቀ በኋላ ተቀምጬ ስሰማው እጅግ ደስ አለኝ፤ ብድግ ስል ግን የዘፋኟ ድምፅ ሌላ ሆነ። ጆሮዬን እስክጠራጠር ድረስ ተቀመጥሁ ተነሣሁ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፥ የ3000 ሄርዝ ሞገድ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እኔ ደግሞ ሁለቱን ስፒከሮች በ15 ሴንቲ ሜትር አራርቄአቸው ነበር። ራሳችንን ከፍ ዝቅ ባደረግን ቍጥር የአንዱ ድምፅ ከሌላው ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሰናል፤ ይህም ጆሮአችን ከሁሉ ይልቅ ንቁ በሆነበት፥ የንግግርም ፍሬ ባለበት ስፍራ ላይ ነው። እንግዲህ የሰውን ድምፅ መካከሉ ላይ ቆርጦ በደንብ ካልሰፉት፥ ሳይቆርጡት መተው ይሻላል። የእኛ ሳተላይቶች አንድ አንድ ወረቀት ብቻ ያላቸው መሆኑ ለእኔ ጉድለት አይደለም።

የሚቀረው ትልቁ ተቃውሞ «ሰው ቤዝ ይወዳል» የሚለው ነው። አጎቴ እንኳ ከእኔ ጋር በዚህ አይስማሙም። «አንተ ልጅ፥ ሰው የሚከፍለኝ ለሚሰማው አይደለም፤ ለሚያንቀጠቅጠው ነው» ይሉኛል። የሠርግ ወራት ሲገባ ከሱቃቸው የሚወጣው ሣጥን ሁሉ የመስኮት መስታወት የሚያርበተብት ነው። በእንጀራቸው አልፈርድም። እኔም ብሆን ቤዝ እወዳለሁ። የጉራጌ ጭፈራ ያለ ከበሮ ምንድን ነው? ነገር ግን ልብ ብላችሁ አድምጡት፤ በጭፈራችን ውስጥ ከበሮው ከታች፥ ዘፋኙ ከመካከል፥ ያ ፈጣን ጭብጨባ ደግሞ ከላይ ነው። ጭብጨባው የማይሰማበት የጉራጌ ጭፈራ ሰውነቱን እንጂ እግሩን ያላገኘ ጭፈራ ነው። ትልቁ ስፒከር ከበሮውን ብቻ ያመጣልናል። እኔ ክሮስኦቨሩን ከሠራሁ በኋላ ጭብጨባውን ስሰማ፥ በአዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ትከሻዬ ተንቀሳቀሰ፤ ይህን የሚያውቅ የጥበቃ ሠራተኛችን ብቻ ናቸው።

በሜዳ ላይ ለሚደረገው የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት እነዚህ ትንንሽ ስፒከሮች እንደማይበቁ አልክድም። ለዚያ ሚኒ ሚዲያችን በጣራ ላይ ያሉት ሆርኖች አሉት። ስለ አዳራሹ ብቻ ነው የምናገረው። አዳራሹ ደግሞ የቆርቆሮ ጣራና ባዶ ግድግዳ ያለው ስለ ሆነ፥ ትልቅ ቤዝ ቢገባበት ራሱ አዳራሹ ከተናጋሪው ጋር ይናገራል።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ካዋጣነው ገንዘብ በጥቂቱ ለተቃጠሉት ሁለት ሳተላይቶች ምትክ ይገዛ። በእርሱ ላይ አንድ ደኅና ማይክሮፎን ይጨመር፤ አሁን ያለው ማይክሮፎን ማብሪያው ላልቶ በፕላስተር የታሠረ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በቀረው ለፊዚክስ ቤተ ሙከራ መልቲሜትሮች፥ ካፓሲተሮችና የመበየጃ ብረት ይገዛ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ፎርሙላውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ እያዩ እንዳያልፉ፥ 14 ኦሙን በገዛ እጃቸው ይለኩት። እኔ 12ኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ካፓሲተርን በሥዕል እንጂ በእጄ የያዝሁት ቡታጅራ ሄጄ ነው፤ ሁሉም ተማሪ ደግሞ የጥገና ሱቅ ያለው አጎት የለውም።

ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ባለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሳተላይቶችና ሰብዉፈሩ በአዳራሹ ተቀጥለው ይቈያሉ። በመካከላቸው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጌአለሁ፤ ወደ ግራ ሲደረግ እንደ ዱሮው በቀጥታ፥ ወደ ቀኝ ሲደረግ በክሮስኦቨሩ በኩል ይሰማሉ። ትልቁ ስፒከር ይገዛ የምትሉ ጓደኞቼ የምትወዱትን ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ማብሪያውንም እናንተው ያዙት። በግራ በኩል ሲሆን ብቻ፥ ስለ ስፒከሮቹ ነፍስ ብላችሁ ቤዙን እስከ መጨረሻው እንዳታዞሩት እለምናለሁ። እናቴም ትመጣለች። ዘንድሮ ዓርብ የገበያ ቀንዋ አይደለም። የአምናውን ንግግር ወረቀት ከደብተሬ መካከል አግኝቼዋለሁ፤ አራተኛው ረድፍ ላይ እንድትቀመጥ ነግሬአታለሁ።